«ሄቪ ዱቲ ነው፣ ትለምደዋለህ»

ይህን አባባል ከስንት ሰው እንደሰማሁ እንጃ። መኪናውን የሸጠልኝ ሰው ብሎኛል። ሰርቪስ ክፍል ያለችው ልጅ ብላኛለች። ናፍጣ ስቀዳ ከጎኔ የቆመ ሰውዬ ሳይቀር፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ ብሎኛል። መሪው ላላብኝ ስል መልሱ አንድ ነው፦ ሄቪ ዱቲ ነው፣ ትለምደዋለህ። ወራት አለፉ። አልለመድኩትም።

መኪናው አሜሪካ ሠራሽ፣ ባለ ናፍጣ ሞተር፣ «አንድ ቶን» የሚባለው ዓይነት ፒክአፕ ነው፤ ለከባድ ጭነት የተሠራውን ይህን ዓይነት ነው ሄቪ ዱቲ የሚሉት። አዲስ ነው የገዛሁት። የኩባንያውን ስም አልጠራም፤ የየትኛውን ብትነዱ ይህ ነገር ያገናኘናል። የምኖረው ኦሮራ፣ ኮሎራዶ ነው። ከጨረታ ግቢ የተገዙ መኪኖችን በትሬለር ጭኜ ለሻጮች አደርሳለሁ። እዚህ ያለ አበሻ ሥራውን በደንብ ያውቀዋል። ታክሲና ሊሞ የሰለቸው ሁሉ ወይ ጀምሮታል፣ ወይ ሊጀምር እያሰበ ነው።

ስለ ሞተሩ ብዙ አላወራም። ይጎትታል። አለቀ። ወንበሩም ጥሩ ነው።

ወደ መሪው ልመለስ። ቀጥ ባለ መንገድ ላይ መሪውን ሁለት ጣት ያህል ወደ ግራ አዞራለሁ። ምንም የለም። ወደ ቀኝ እመልሳለሁ። አሁንም ምንም። ትንሽ ስጨምር ግን መኪናው ባንዴ ይነቃና ካሰብኩት አልፎ ይሄዳል። እሱን ለመመለስ በሌላ በኩል እስበዋለሁ፤ እዚያም ያልፋል። በ35 ማይል ከተማ ውስጥ ይሄ ምንም አይደለም። በ70 ማይል ከኋላ ትሬለር ታስሮ ግን ቀኑን ሙሉ መሪ ስታርም መዋል ነው። ማታ ቤት ስገባ የሚያመኝ ወገቤ አይደለም፣ ትከሻዬ ነው።

ሂሳቡን ላሳያችሁ። የኢንተርስቴት ሌን ስፋቱ 12 ጫማ ነው። የኔ ትሬለር 102 ኢንች ነው፤ ማለት ስምንት ጫማ ተኩል። ልክ መሃል ላይ ብትሆኑ እንኳ በየጎኑ የሚተርፋችሁ ግማሽ ሜትር ቢሆን ነው። አሁን ወደ ዋዮሚንግ ውጡ። ከላራሚ እስከ ሮሊንስ ያለውን አይ-80 ሃይዌይ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ኤልክ ማውንቴን አካባቢ ነፋሱ ሲብስ ክብደታቸው ቀላል የሆነ ረጃጅም መኪኖች እንዳይገቡ መንገዱ ይዘጋባቸዋል። በዚያ ላይ ሴሚ፣ ማለት ትልቁ ባለ ተሳቢ የጭነት መኪና፣ ሲያልፋችሁ መጀመሪያ ወደ ውጭ ይገፋችኋል፣ ከዚያ ወደ ራሱ ይስባችኋል። መሪው ቶሎ በማይሰማበት መኪና ይህ ሲደርስ ምን እንደሚመስል ለሻጩ ላሳየው ብዙ ጊዜ ተመኝቻለሁ። አጠገቤ ይቀመጥና፣ ቡናውን ይያዝና፣ እስኪ «ትለምደዋለህ» ይበለኝ።

ለሱም ፍትሐዊ ልሁን። ያለው ነገር ግማሹ እውነት ነው። በቤት መኪናና ሃፍ ቶን በሚባለው ቀለል ያለ ፒክአፕ፣ በብዙዎቹ ላይ፣ የመሪው ዘንግ ጫፍ ላይ ያለ ጥርስ አንድ ጥርሳም ዘንግ በቀጥታ ይገፋል፤ ያ ዘንግ ጎማውን ያዞራል። አጭር መንገድ ነው፣ እጃችሁ ላይ ወዲያው ይሰማል። በሄቪ ዱቲው ግን ነገሩ በሳጥን ውስጥ ያልፋል። ሳጥኑ ውስጥ ጠመዝማዛ ዘንግ አለ። በዘንጉ ላይ ጥርስ ያለው ብረት ወደ ላይና ወደ ታች ይሄዳል፤ በመሃላቸው ትንንሽ የብረት ኳሶች ይሽከረከራሉ። ያ ብረት ሌላ ዘንግ ያዞራል፤ ከሱ ሥር የተንጠለጠለው ክንድ ረጅሙን ዘንግ ይገፋል፤ ረጅሙ ዘንግ ጎማዎቹን። በየመገጣጠሚያው የፀጉር ያህል ክፍተት ብትኖር ተደምራ እጅ ላይ ትመጣለች። የኔ መኪና የፊት አክስልም ከጎማ እስከ ጎማ ወጥ ብረት ነው። አገር ቤት አይሱዙ ኤንፒአር ወይም ላንድክሩዘር 79 የነዳ ሰው ይህን ስሜት ያውቀዋል፤ ወጥ አክስልና ባለ ኳስ የመሪ ሳጥን እነሱም አላቸው። ጭነት የሚችለውም ለዚህ ነው። ስለዚህ እንደ ኮሮላ እንዲታዘዘኝ አልጠበቅኩም። ሞኝ አይደለሁም።

ግን የጓደኛዬን መኪና ነዳሁ። ያው ሞዴል፣ ያው ዓመት፣ ያው ሞተር። ትሬለሩም ከኔ ይረዝማል። መሪው ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ትንሽ ልል ነው፣ አዎ፣ ግን ስታዞረው ይሰማል። እንግዲህ ሻጩ ምን ይላል? «ከሃፍ ቶን ስለመጣህ ነው» ይል ይሆናል። እሺ፣ የጓደኛዬስ መኪና ሃፍ ቶን ነው? «ጎማው አዲስ ስለሆነ ነው፣ ጥርሱ ወፍራም ነው፣ ሲያልቅ ይስተካከላል።» የሱም ጎማ እኮ አዲስ ነበር። «ትሬለርህን አስተካክለህ ስላልጫንክ ነው።» ባዶውንም ስነዳው ያው ነው! እንዲህ እያልኩ ብቻዬን መኪና ውስጥ ስከራከር የሰማኝ ሰው ቢኖር ጤንነቴን ይጠራጠር ነበር።

የሸጠልኝ ዲለር (የመኪና መሸጫው) ጋ ወሰድኩት። ቀኑን ሙሉ አቆዩትና አንድ ወረቀት ሰጡኝ። ደንበኛው ያለውን ችግር ማግኘት አልቻልንም፣ መኪናው በዲዛይኑ መሠረት ይሠራል ይላል። ሜካኒኩ የት እንደነዳው ጠየቅኩ። ግቢውን ዞሮ፣ እስከ መብራቱ ሄዶ ተመልሷል። ባዶ መኪና፣ የከተማ ፍጥነት። በዚያ ፍጥነት እኔም አላገኘውም! ከጎኔ ተቀመጥና ሃይዌይ እንውጣ ብል ኢንሹራንስ ምናምን ተባለ። ሻጩ ደግሞ ሲሸጥ «ወንድሜ፣ ምንም ነገር ቢያጋጥምህ እኔ አለሁ» ሲለኝ የነበረው ሰውዬ፣ ስልክ ማንሳት አቆመ። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም።

ከዚያ በኋላ የሄድኩት ጋሼ ጋ ነው። ጋሼ እዚሁ ኦሮራ ትንሽ ጋራዥ ያላቸው፣ አዲስ አበባ እያሉ ከባድ መኪና ሲሠሩ የኖሩ ሰው ናቸው። መኪናውን ሳይነኩ የሾፌሩን በር ከፈቱና ምሰሶው ላይ ያለውን ስቲከር አነበቡ። ከዚያ የጎማ ነፋስ ለኩ። አራቱም 80 ነው። ስቲከሩ ለፊት 60 ይላል። «አንተ ልጅ፣ ይሄን ማን ነፋው?» አሉኝ። ከዲለሩ እንደወጣ ነበር። ከመጠን በላይ የተነፋ የፊት ጎማ መሬቱን የሚነካው በመሃሉ ብቻ ነው፤ መኪናው በየስንጥቁ ይዋልላል። ልክ ወደ ስቲከሩ ሲወርድ ልዩነቱ ተሰማኝ። ግን መጀመሪያ ላይ ያልኩት ክፍተት እዚያው ነው።

ቀጥሎ ሞተሩን አስነሱኝና መሬት ላይ ተኝተው ሥሩ ገቡ። እኔ መሪውን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ጥቂት ጥቂት እንዳወዛውዝ ነው፣ ጎማው መሬት ላይ እንዳለ። መኪናው ክሪክ ላይ ከተሰቀለ ይህ ፍተሻ አይሠራም፤ መገጣጠሚያዎቹ ጭነት ካልተሰማቸው ላላ ያለውን አያሳዩም። አክስሉን ከሻሲው ጋር የሚያያይዘውን ዘንግ አዩ፤ ደህና ነው። ጫፎቹን በእጃቸው ያዙ፤ ደህና ናቸው። ከዚያ «ቆይ፣ ቀስ» አሉኝ። ስልኬን ተቀብለው ቪዲዮ አነሱ። ከሥር ወጥተው አሳዩኝ። ወደ ሳጥኑ የሚገባው ዘንግ ይዞራል፤ ከሳጥኑ የሚወጣው ክንድ ግን ዝም ብሎ ቆሟል። ትንሽ ቆይቶ ነው የሚነሳው። ክፍተቱ ሳጥኑ ውስጥ ነው። ይኸው ነው። «ኖርማል» የተባለው ነገር በስልክ ቪዲዮ ላይ በግልጽ ይታያል።

እዚህ ላይ ዩቲዩብ አይታችሁ እንዳትሳሳቱ። ሳጥኑ አናት ላይ ዳዶ ያላት አንዲት ብሎን አለች። እሷን ጥበቅ፣ ያልቃል የሚል ምክር ሞልቷል። ጋሼን ብጠይቃቸው ፊታቸው ተቀየረ። ከልክ በላይ ከጠበቀች መሪው መሃል ላይ ይነክሳል፣ ከታጠፈ በኋላ በራሱ አይመለስም፣ ጥርሱም ይበላል። በዚያ ላይ ዋራንቲ ያለው መኪና ነው፤ ነክታችሁት ከተገኘ ዲለሩ የሚፈልገውን ሰበብ በእጁ ሰጣችሁት ማለት ነው። የመሪ ማረጋጊያ አሞርቲዛተር እንቀይርልህ የሚሉም አሉ። እሱ መንቀጥቀጥን ያበርዳል እንጂ ክፍተትን አይሞላም። ገንዘባችሁን ያዙ።

አላይመንትም፣ ማለት የጎማዎቹን አቀማመጥ ማስተካከያ፣ አሠራሁ። ወረቀቱ ላይ ሁሉም ቁጥር አረንጓዴ ነው፤ ግን ካስተሩ የአረንጓዴው የመጨረሻ ጠርዝ ላይ ነበር። ካስተር ማለት ጎማው የሚዞርበት ዘንግ ወደ ኋላ ያለው ዘመም ማለት ነው፤ ሲበዛ መሪው በራሱ ወደ መሃል ይመለሳል፣ ሲያንስ መኪናው ይቅበዘበዛል። አረንጓዴ ነው ተብሎ ተዘጋ። በብዙዎቹ ኩባንያዎች ዋራንቲ የአላይመንት ማስተካከያ የሚሸፈነው በመጀመሪያው 12 ወር ወይም 12 ሺህ ማይል ብቻ ስለሆነ፣ «ትለምደዋለህ» እያሉ ካቆዩአችሁ ያ ጊዜ ያልፋል። ሆን ብለው ነው አልልም። ግን ያልፋል።

ማንም ያልነገረኝ ትልቁ ነገር ደግሞ ይህ ነው፦ ዋራንቲው የኩባንያው እንጂ የሸጠላችሁ ዲለር አይደለም። የዚያው ብራንድ የሆነ የትኛውም ዲለር ሊሠራላችሁ ይችላል። ቪዲዮውን ይዤ ከከተማ ወጣ ወዳለ ሌላ ዲለር ሄድኩ። ሜካኒኩ ቪዲዮውን አየ፣ ከጎኔ ተቀመጠ፣ ሃይዌይ ወጣን። ከሁለተኛው መውጫ ሳንደርስ «በቃኝ፣ ተመለስ» አለ። ሳጥኑ ታዘዘ፣ ተቀየረ፣ አንድ ሳንቲም አልከፈልኩም። ካስተሩንም ከጠርዙ ወደ መሃል አመጣልኝ።

አሁን መሪው ይሰማል። እንደ ጓደኛዬ መኪና ሆነ፣ ከዚያ በላይ አልሆነም። የቀረው ልልነት የሄቪ ዱቲው የራሱ ነው፤ እሱን ተቀብያለሁ፣ ከሱ ጋር ጠብ የለኝም። ንዴቴ ሌላ ነው። በአንድ ቪዲዮ የሚታይ ችግር ይዤ ያን ሁሉ ወር የሰው መኪና ጭኜ በነፋስ ውስጥ ተንገዋልያለሁ። ከ70 ሺህ ዶላር በላይ የከፈለ ሰው «ጥፋቱ ያንተ እጅ ነው» ሲባል ከርሞ ሳጥን ሲቀየርለት፣ ይቅርታ የሚለው ሰው እንኳ የለም። እናንተም በዚህ መንገድ ላይ ካላችሁ በሄዳችሁ ቁጥር የሥራ ወረቀቱን ተቀበሉ፣ ቅሬታችሁ በራሳችሁ አባባል መጻፉን አይታችሁ ውጡ። «ችግር አልተገኘም» የሚለውንም አትጣሉት። ነገሩ ወደ ሌመን ሎው (ጉድለቱ አልጠገን ያለ አዲስ መኪና የገዛን ሰው የሚጠብቀው ሕግ) ከሄደ የሚቆጠረው እሱ ነው፤ ሕጉ ከግዛት ግዛት ይለያያል፣ ወረቀት የማይጠይቅ ግን የለም። የሻንሲ ቁጥራችሁንም የመንገድ ደህንነት መሥሪያ ቤቱ፣ ኤንኤችቲኤስኤ፣ ድረ ገጽ ላይ አስገብታችሁ ሪኮል፣ ማለት ለጉድለት የወጣ የጥገና ጥሪ፣ እንዳለው እዩ። ቅሬታም እዚያው ይመዘገባል።

ልትገዙ ያሰባችሁ ደግሞ ዲለሩ ሰፈር ዞራችሁ አትመለሱ። ሃይዌይ ውጡ፣ 70 ግቡ፣ ሴሚ ይለፋችሁ። ሻጩ አይሆንም ካለ ቁልፉን መልሱለትና ቀጣዩ ሱቅ ሂዱ።

ደግመህ ትገዛዋለህ ወይ ለምትሉኝ፣ ዛሬ አልገዛውም። ይህን የምጽፈው ያን የመጀመሪያውን ወረቀት መሳቢያ ውስጥ አግኝቼ ደሜ ፈልቶ ነው። ባለፈው እዚሁ ኮሎራዶ ተራራ ላይ ካለው ከአይዘንሃወር ዋሻ፣ ከእንጦጦ በላይ ከሆነ ከፍታ፣ ሙሉ ጭነት ይዤ ፍሬን ሳልነካ በሞተር ብሬክ ብቻ ስወርድ ብትጠይቁኝ ኖሮ፣ ስለ መሪው አንድ ቃል አልተነፍስም ነበር። መኪናውን አልሸጠውም። ፍርዱን ግን ነፋስ በሌለበት ቀን ጠይቁኝ።