የትምህርት ቤት ሶፍትዌር ከመግዛታችሁ በፊት ጳጉሜን 6ን አስገቡበት

ደሴና ኮምቦልቻ ላይ የትምህርት ቤት ሒሳብ የሚይዝ ሰው ፒችትሪ የተባለውን የሒሳብ ሶፍትዌር ያውቀዋል። ምዝገባው አይዛነፍም፣ የሚሠራበት ባለሙያም አይጠፋም። ጉድለቱ የፈረንጆችን ቀን ብቻ ማወቁ ነው። የበጀት ዓመታችን መነሻ ሐምሌ 1 በእነሱ ጁላይ 8 ነው። ፒችትሪ በዓመት እስከ 13 የሒሳብ ጊዜ ስለሚቀበል ግን ድርጅቱ ሲከፈት አሥራ ሦስቱንም ወራት፣ መነሻ ቀናቸውን በእጅ እየሞሉ፣ ማስገባት ይቻላል። ዝም ብሎ 12 ብሎ የከፈተው የወር መዝጊያው ከእኛ ወር ጋር አይገጥምለትም። የተማሪ መቅረት መያዝ ደግሞ ከነጭራሹ ሥራው አይደለም።

ሒሳብንም መቅረትንም አንድ ላይ እንይዛለን የሚሉት የአገር ውስጥ ሶፍትዌሮች ለዚህ ይሻላሉ፤ ግን ሳይፈተኑ አይገዙ። ጳጉሜን 6 ቀን 2015ን አስገቡ፤ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2023 ማለት አለበት። የ2016ን ጳጉሜን 6 ደግሞ አልቀበልም ይበል። ከተቀበለ ቀኑን የሚያሰላው በግምት ነው።

ቀጥሎ ስም። «መሐመድ»ን መዝግባችሁ «መሀመድ» ብላችሁ ፈልጉ። ካላገኘው አንድ ልጅ ሁለት ጊዜ ይመዘገባል፣ አንዱ መዝገብ ላይም ያልተከፈለ ክፍያ ይከማቻል። በወሎ ስሞች ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ከስምና ከአያት ስም ሌላ የማይለወጥ የተማሪ ቁጥር የግድ ነው።

ብዙዎቹ የሚወድቁት መቅረትና ክፍያ በሚገናኙበት ቦታ ነው። «ቀረ» እና «ለቀቀ» ካልተለዩ፣ በጥር የለቀቀ ልጅ እስከ ሰኔ እንደቀረ ይቆጠራል፤ ወርሃዊ ክፍያም ይጻፍበታል። ተሰብሳቢ ሒሳቡ (ገና ያልተከፈለው ገንዘብ) ያብጣል፣ የክፍሉ የመገኘት መቶኛም ይወርዳል። መውሊድና ዒድ በጨረቃ ስለሚወሰኑ ቀኑን መዝጋት ያለበት ትምህርት ቤቱ ራሱ ነው። ሻጩ ቀድሞ የጻፈው ቀን ከበዓሉ ጋር ካልገጠመ በበዓሉ ዕለት ትምህርት ቤቱ በሙሉ ቀሪ ይሆናል። ፈረቃ ባለበት ጠዋትና ከሰዓት ለየብቻ ይያዝ፤ ሰዓቱም «2:00» ሲባል ጠዋትን ይረዳ።

ደረሰኝ ሲሰረዝ ቁጥሩ ከነምክንያቱና ከሰረዘው ሰው ስም ጋር ይቀመጥ፤ ጨርሶ የሚጠፋ ከሆነ አትግዙ። የቴሌብር የክፍያ ቁጥር ሁለት ጊዜ ሲገባ ይከልክል። በሰኔ መጨረሻ ለቀጣዩ ዓመት የተሰበሰበ ገንዘብ ዕዳ ሆኖ ይመዝገብ እንጂ ትምህርቱ ሳይሰጥ ገቢ አይባልም።

መብራት ሲጠፋና ኢንተርኔት ሲቋረጥ የክፍል ኃላፊው ስልኩ ላይ መዝግቦ በኋላ የሚልክበት መንገድ ያስፈልጋል። የትምህርት መምሪያዎች ቢስማሙ፣ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚዘዋወር ልጅ የተማሪ ቁጥሩን ይዞ ቢሄድ፣ የመቅረት ምልክቶቹም በየትምህርት ቤቱ አንድ ዓይነት ቢሆኑ፣ ግማሹ የምዝገባ ጣጣ ይቀራል። እስከዚያው ውሉ ላይ አንድ ነገር አስጽፉ፦ መረጃው ሁሉ፣ ደረሰኙም መቅረቱም፣ ውሉ ቢቋረጥ እንኳ ያለ ተጨማሪ ክፍያ ወደ ኤክሴል ይውጣ።