«ዋስትናው ለሞተሩ ነው»

ጎንደር ፒያሳ ካለ አንድ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ መሸጫ 35 ሊትር የጠረጴዛ ኦቨን ከገዛሁ ስምንት ወር ሆነኝ። ሻጩ 11 ሺህ 500 ብር አለኝ፤ ተከራክረን በ11 ሺህ ተስማማን። ማርካውን ብጽፍላችሁም አይጠቅማችሁም፤ ያው ዕቃ የተለያየ ስም እየተለጠፈበት ከሱቅ ሱቅ ይሸጣል። ጥቁር ነው፤ በሩ መስታወት፣ በስተቀኙ ሦስት ቁልፍ ከላይ ወደ ታች የተደረደረበት። አንዱ ለሙቀት፣ አንዱ የላይና የታች ሬዚስታንስ (የሚግለው ብረት) መምረጫ፣ አንዱ ሰዓት። አይታችሁት ይሆናል።

የገዛሁት ለኬክ አይደለም። እኔ አስጎብኚ ነኝ፤ ፈረንሳይኛ ተናጋሪ እንግዶችን ነው የማዞረው፣ ማለትም አዞር የነበረው። ሥራው ደህና በነበረበት ዘመን ከናንሲ የመጡ አንዲት ትልቅ ሴት ፋሲል ግቢን ሳስጎበኛቸው፣ እኔ ከተማው ስለተቆረቆረበት 1636 (በፈረንጅ አቆጣጠር) ስለፈልፍ እሳቸው ስለ ምሳ ያወሩ ነበር። የሎሬን ሰው ናቸው፤ ከፈረንሳይ ሰሜን ምሥራቅ። ኪሽ የሚባለው ምግብ የዚያ አገር ነው፤ ስሙም «ኬክ» ማለት ከሆነው የጀርመኖች ቃል ጋር እንደሚዛመድ ይነገራል። የጥንቱ የሎሬን ኪሽ በሊጥ ቅርፊት ውስጥ እንቁላል፣ ክሬምና የታጠነ የአሳማ ሥጋ ነው፤ አይብ እንኳ የለበትም። አሳማ እኛ ቤት እንደማይገባ ስነግራቸው ሳቁና በአትክልትም እንደሚሠራ አስረድተው አሠራሩን የመግቢያ ትኬቱ ጀርባ ላይ ጻፉልኝ። ትኬቱ ስንት ዓመት ቦርሳዬ ውስጥ ተቀመጠ። ሥራ ሲቀዘቅዝ ነው ያስታወስኩት።

አሁን ስለ ኦቨኑ። አንድ ኦቨን ጥሩ መሆን አለመሆኑን ለማወቅ ኬክ አይበቃም፤ ኬክ ይቅር ባይ ነው። ኪሽ ግን ሁለት ጠባይ ያለው ምግብ ነው። ከታች ያለው ቅርፊት ኃይለኛ እሳት ይፈልጋል፤ ከላይ ያለው እንቁላልና ክሬም ደግሞ ኃይለኛ እሳት ከነካው ይቋጥርና ውሃ ይለቃል። ሁለቱን ባንድ ጊዜ ማስታረቅ ያልቻለ ኦቨን ወዲያው ይጋለጣል።

የእኔው በመጀመሪያው ቀን ተጋለጠ። 180 ላይ አድርጌ፣ የላዩንም የታቹንም አብርቼ 40 ደቂቃ ጠበቅሁ። ሲወጣ ላዩ ጠቁሯል፤ ስቆርሰው ታቹ እንደ ጥሬ ሊጥ ተዘረገፈ። እናቴ በሹካ ገልበጥ አድርጋ አየችና «ይኼስ ላዩ ለሰው፣ ታቹ ለዶሮ ነው» አለች። ዶሮዎቹም በሉት።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ሲደርስ ጥፋቱን ከራሱ ያደርጋል። እኔም አደረግሁ፤ በኋላ ግን ቁልፉን ጠረጠርኩ። የኦቨን ቴርሞሜትር ጎንደር ፈልጌ አላገኘሁም፤ የተጠቀምኩት በስኳር ነው። ነጭ ስኳር የሚቀልጠው 186 ዲግሪ አካባቢ ነው። አንድ ማንኪያ ስኳር ፎይል ላይ አድርጌ፣ ቁልፉን 190 ላይ አዙሬ፣ ኦቨኑ በደንብ ከጋለ በኋላ ከትቼ ሩብ ሰዓት ጠበቅሁ። ስኳሩ እንደነጣ ቀረ። 200፣ አሁንም ነጭ። 220 ላይ ሟሟ። ስለዚህ ይኼ ቁልፍ 30 ዲግሪ ያህል ይዋሻል። አንድ ጊዜ ካወቁት ውሸቱ ችግር የለውም፤ ሁልጊዜ በአንድ መጠን ነው የሚዋሸው፣ ከዚህ የባሱ ሰዎች አሉ። ቁልፉ ላይ በማርከር ምልክት አድርጌበታለሁ።

ላዩ የጠቆረው በሌላ ምክንያት ነው። ኦቨኑ ትንሽ ስለሆነ የላይኛው ሬዚስታንስ ምግቡ አናት ላይ ቁጭ ብሏል። መላው ይኼ ነው፦ መደርደሪያውን የመጨረሻው ታችኛ እርከን ላይ አውርዱ። አብሮት የሚመጣውን ጥቁር ትሪ ባዶውን ውስጡ አድርጋችሁ 20 ደቂቃ አግሉት፤ መጋገሪያውን የምታስቀምጡት በጋለው ትሪ ላይ ነው። መጋገሪያው የብረት ይሁን፤ የመስታወትና የሸክላው ሙቀት እስኪቀበል ሊጡ ይርሳል። የኋላ ቀኝ ጥጉ ከሌላው ይበልጥ ይግላልና ጊዜው ሲጋመስ አዙሩት። ላዩ ወርቅማ ሲሆን ፎይል አልብሱት።

ሊጡ ላይ ደግሞ ጥፋቱ የራሴ ነበር። ለ24 ሴንቲሜትር መጋገሪያ 200 ግራም የፍርኖ ዱቄት፣ 100 ግራም ቅቤ፣ ትንሽ ጨው፣ አራት የሾርባ ማንኪያ ቀዝቃዛ ውሃ ይላል ትኬቱ። ቅቤ ሲል እኔ ጓዳ ገብቼ ያገኘሁትን አደረግሁ፤ የእናቴን ንጥር። ኮረሪማ፣ በሶብላ፣ ኮሰረት ያለበትን። ቤቱ ክትፎ ክትፎ ሸተተ፤ ሊጡም እንደ አሸዋ ፈረሰ፤ የተነጠረ ቅቤ ውሃው ወጥቶለት ቅባት ብቻ ነውና። የሚሆነው ለጋ ቅቤ ነው፤ ከቅዳሜ ገበያ ገዝታችሁ በቀዝቃዛ ውሃ ደጋግማችሁ አጥባችሁ፣ ፍሪጅ ውስጥ አጠንክራችሁ። ከዱቄቱ ጋር በጣት ጫፍ እያሹ እንደ ጥሬ በሶ እስኪበተን ነው፤ ማቡካት የለም። እናቴ ይኼን ማየት አልቻለችም። ድፎ ስታቦካ ክንዷ የሚያልባት ሴት ናት፤ «ልጄ፣ ሊጥ እንዲህ ይፈራል እንዴ?» አለችኝ። ይፈራል እማዬ፤ ብዙ ከታሸ ሲጋገር ይጠነክራል፣ ይኮማተራል። ግማሽ ሰዓት ፍሪጅ ውስጥ አሳርፎ ነው መዳመጥ።

ከዚያ ባዶውን መጋገር አለ። ሊጡ መጋገሪያው ላይ ይነጠፋል፣ በሹካ ይበሳሳል፣ የኬክ ወረቀት ይለብሳል፣ እንዳያብጥ ከላዩ ጥሬ እህል ይፈስበታል። እኛ ጋ ሽምብራ ሞልቷል፤ የደንቢያ ሽምብራ ግማሽ ኪሎ አፈሰስኩ። ለዚህ የታችኛውን ሬዚስታንስ ብቻ፣ በእኔ ቁልፍ 220 ላይ፣ 15 ደቂቃ፤ ወረቀቱና ሽምብራው ወጥቶ ሌላ 5። እናቴ ሽምብራውን ልጥለው መስሏት ተቆጣች። ለሚቀጥለው ጊዜ ይቀመጣል ብላት አላመነችኝም፤ ብረት ምጣድ ላይ አደረገችና ቆላ ጨረሰችው። አሁን በየሳምንቱ አዲስ ሽምብራ ነው የምጠቀመው፤ ቡናው ቆሎ አላጣም።

አትክልቱ ላይ ብዙ አልልም። ባሮ ሽንኩርት ምርጡ ነው፤ ሦስት ትልልቅ፣ በቀጭኑ ተከትፎ በቅቤ ቀስ ብሎ 20 ደቂቃ። ሲጠፋ ቆስጣ፤ ግን ቀቅላችሁ በጨርቅ ጨምቁት፣ ውሃው ካልወጣ የቅርፊቱ ልፋት ገደል ገባ። ቲማቲም አልመክርም። ሦስት የፈረንጅ እንቁላል፣ ወይም አራት የሐበሻ፤ የሐበሻው አስኳል ቀለሙ ለብቻው ነው። 2 ዴሲ ሊትር (200 ሚሊ ሊትር) ክሬም፣ 1 ዴሲ ሊትር ወተት። ክሬም ከሱፐርማርኬት ሲጠፋ አድሮ ወተቱ ላይ የሚሰፍረውን ቅባት እሰበስባለሁ። ገውዝ ትንሽ ፈቅፈቅ፣ ቁንዶ በርበሬ፣ ከደባርቅ በኩል የሚመጣው ጦስኝ። ፈረንሳዮቹም የጦስኝ ዘመድ የሆነ ቅጠል ይጨምሩበታል። ሁለቱንም ሬዚስታንስ አብርቶ፣ 200 በሚለው ላይ (እውነቱ 170 ነው)፣ 35 ደቂቃ። ሲነቀነቅ መሃሉ ትንሽ ከተርገፈገፈ በቃው፤ ወጥቶም ይበስላል። ሩብ ሰዓት ሳይቆይ አትቁረጡት። ረቡዕና ዓርብ አይሞከርም፤ ሁዳዴ ሲገባ ኦቨኑ ጨርቅ ለብሶ ይቀመጣል።

ስለ መብራት። ኦቨኑ 1600 ዋት ነው፤ በ220 ቮልት ከ7 አምፔር በላይ ይስባል። ርካሽ ኤክስቴንሽን ላይ አትሰኩት፤ የእኔ ሶኬቱ ጋ ለስልሶ ሸተተ፤ አሁን በቀጥታ ግድግዳው ላይ ነው። ከእንጀራ ምጣድ ጋርም ባንድ ላይ አታብሩት። ሰዓቱ በጥምዝ የሚሠራ ነው፤ መብራት ቢጠፋም እየቆጠረ ሄዶ «ቂልልል» ይላል፣ እንደበሰለ ሁሉ። አንድ ቅዳሜ ከገባ በ20 ደቂቃው መብራት ሄደ። በሩን ሳልከፍት ተውኩት። ከአንድ ሰዓት በኋላ ሳየው ከጋገርኳቸው ሁሉ ለስላሳው እሱ ሆኖ አገኘሁት፤ እንቁላል በዝግታ ሙቀት ነው የሚወደው፣ ቅርፊቱም ቀድሞ በስሎ ነበር።

ሦስተኛው ወር ላይ የውስጥ መብራቱ ተቃጠለ፣ የታችኛውም ሬዚስታንስ ግማሹ መቅላት ተወ። የአንድ ዓመት ዋስትና ተብሎ በካርቶኑ ላይ ተጽፎልኛል። ተሸክሜው ሄድኩ። የሱቁ ልጅ ካርቶኑን አየ፣ ኦቨኑን አየ፣ «ወንድሜ፣ ዋስትናው ለሞተሩ ነው» አለኝ። ይኼ ኦቨን ማራገቢያ የለው፣ ዶሮ ማዞሪያ የለው። ሞተሩን አሳየኝ አልኩት። «እሱ ከውስጥ ነው» አለ፤ ሳይስቅ። ሬዚስታንሱን አራዳ አካባቢ የሚሠራ አንድ ምጣድ ጠጋኝ በ600 ብር ለወጠልኝ፤ እስካሁን ይሠራል። የውስጡን መብራት ትቼዋለሁ፤ በስልኬ እያበራሁ አያለሁ።

ኦቨኑን ከአምስት ሦስት ተኩል እሰጠዋለሁ። ሱቁን ግን ዜሮ።

ባለፈው እሑድ ጎረቤታችን ቡና ላይ ሁለት ቁራጭ በልተው «ይኼን የእንቁላል አምባሻ ለልጄ ምርቃት ትሠራልኛለህ፤ ለመሆኑ ምድጃውን ከየት ገዛኸው?» አሉኝ። እናቴ ቀድማኝ መለሰች፦ «ከየት እንደማይገዛ ይንገርዎት፤ ቀሪውን እሱው ይጋግርልዎታል።»