ፕሮስቴታቸው ለወጣላቸው ወገኖች፦ አዲስ አበባ ላይ ፒኤስኤ ስትመረመሩ

ፕሮስቴቴ (ወንዶች ከሽንት ፊኛ ሥር ያላቸው ዕጢ) በካንሰር ምክንያት በቀዶ ሕክምና ከወጣ ወዲህ በሽታው ተመልሶ እንደሆነ ለማወቅ በየስድስት ወሩ የፒኤስኤ ምርመራ አደርጋለሁ፤ ፒኤስኤ ከፕሮስቴት የሚመነጭ፣ በደም ውስጥ የሚለካ ፕሮቲን ነው። ዘንድሮ ጊዜው አዲስ አበባ ሳለሁ ስለደረሰ ቦሌ አካባቢ በሚገኝ አንድ የግል ላቦራቶሪ ደም ሰጠሁ። ደም የቀዳችልኝ ልጅ እጇ ቀላል፣ አነጋገሯም የሰው አክባሪ ነበር። ቅሬታዬ ከዚያ በኋላ በሆነው ላይ ነው።

ነገ ይደርሳል የተባለው ውጤት «ኬሚካል አልቆ ነው» እየተባለ ቀናት ፈጀ። ደረሰኙን ሳየውም ያልታዘዘልኝ ፍሪ ፒኤስኤ (በደም ውስጥ ከሌላ ፕሮቲን ጋር ሳይጣበቅ የሚዞረውን ፒኤስኤ ብቻ የሚለካ ምርመራ) ተጨምሮ ተከፍሎበታል። ይህ ምርመራ የሚጠቅመው የፕሮስቴት ዕጢው ላለውና ፒኤስኤው ከፍ ላለበት ሰው እንጂ፣ ዕጢው ለወጣለት የሚነግረው ነገር የለም። ባስረዳም «ጋሼ፣ አብሮ ነው የሚሠራው፣ አይነጠልም» ተባልኩ።

የባሰው ግን ውጤቱ ነው። ወረቀቱ «ከ0.5 በታች፣ መደበኛ መጠን ከ0 እስከ 4፣ ኖርማል» ይላል። ይህ የ4 ወሰን ዕጢው ላለው ወንድ የሚሠራበት ነው። ዕጢው ከወጣ ፒኤስኤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ0.1 ናኖግራም በሚሊ ሊትር በታች መውረድ አለበት፤ 0.2 ደርሶ በድጋሚ ምርመራ ከተረጋገጠ በሽታው ተመልሷል ተብሎ ይታሰባል፤ የጨረር ሕክምናም የተሻለ ውጤት የሚሰጠው ቁጥሩ ከ0.5 ሳያልፍ ሲጀመር ነው። እንግዲህ «ከ0.5 በታች» የሚል ወረቀት 0.05 ላለውም፣ 0.4 ደርሶ ሐኪም ዘንድ መሮጥ ላለበትም እኩል «ኖርማል» ብሎ ያሰናብታል። በምኖርበት ሜሪላንድ ውጤቱ በማግስቱ፣ ከነሁለት የነጥብ ቤቱ ስልኬ ላይ ይገባል። አገሬ ገብቼ ረዘም ላለ ጊዜ ለመቀመጥ ለምመኝ ለእኔ ይህ ልዩነት በእጅጉ ያሳዝነኛል።

ደግነቱ፣ ወዳጄ የጠቆመኝ ሌላ ላቦራቶሪ አለ። ማሽናችሁ እስከ ስንት ዝቅ ብሎ ይለካል ብዬ ስጠይቅ ባለሙያው ሳይሰለች ተነሥቶ የኬሚካሉን መመሪያ አመጣና መስመሩን በጣቱ አሳየኝ፤ 0.01 ይላል። ውጤቱም በዚያው ቀን ከሰዓት «ከ0.01 በታች» ተብሎ ተሰጠኝ፤ የማሽኑንም ስም ጻፈልኝ። ማሽን ሲለያይ ቁጥሩም ስለሚለያይ ሐኪሜ ከቀደሙት ውጤቶች ጋር ስታስተያይ ይህ ያስፈልጋታል።

ለክትትል የምትሄዱ ሁሉ ማሽኑ እስከ ስንት ዝቅ ብሎ እንደሚለካ ካርድ ሳታወጡ፣ ሳትከፍሉ ጠይቁ፤ ትእዛዛችሁም ላይ ቶታል (ጠቅላላ) ፒኤስኤ ብቻ፣ ዕጢው የወጣ መሆኑም ተጠቅሶ ይጻፍላችሁ። የመጀመሪያው ላቦራቶሪ የፍሪ ፒኤስኤውን ሂሳብ እስካሁን አልመለሰልኝም።