ጭድ በጭቃ ወይስ ነጭ ፎም? ለአዳማ ሙቀት የቱ ይሻላል?

አዳማ ውስጥ በብሎኬት ቤት የሚኖር ሰው ይህን ያውቀዋል። ከሰዓት ፀሐይ ሲመታው የዋለ ግድግዳ ማታ ሁለት ሰዓት ላይ በእጅ ሲነካ ገና ይሞቃል። በትንሽ ወጪ፣ በራስ እጅ ከውስጥ ለመሸፈን ሁለት መንገድ አለ። ኮርኒስ ከሌላችሁ ግን ሁለቱም ይቆዩ፤ ትልቁ ሙቀት የሚወርደው ከቆርቆሮው ነው።

ጭድ በጭቃ፦ ወጪው አፈር፣ የጤፍ ጭድና ጉልበት ነው። ጭቃው ከጭዱ ጋር እየተረገጠ ለጥቂት ቀናት ይቦካል። ሳይቦካ የተለሰነ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ብሎኬቱን ቀድማችሁ አርጥቡት፤ ልሙጥ ከሆነ ጫር ጫር አድርጉት፣ አለዚያ ልስኑ አይዝም። በአንዴ አታወፍሩት፤ በስሱ ደራርቡት። ሙቀት የሚያግደው በልኩ ነው፣ ግን እሳት አይፈራም። ጠላቱ እርጥበትና ምስጥ ነው።

ነጭ ፎም፦ በቴሌቪዥን ካርቶን ውስጥ የሚመጣው ዓይነት። ውስጡ በአብዛኛው አየር ስለሆነ በእኩል ውፍረት ከጭቃው በጣም የተሻለ ሙቀት ያግዳል። በቢላ ይቆረጣል፣ በማጣበቂያ ይለጠፋል። ግን ገንዘብ ይጠይቃል። በቀላሉም ይቀጣጠላል፣ ጭሱ መርዛም ነው። እባካችሁ ራቁቱን አትተዉት፤ በጂፕሰም ቦርድ ሸፍኑት።

ቤቱ የራሳችሁ ከሆነ፣ ጊዜና አጋዥም ካለ፣ ጭቃው ያዋጣል። ክፍሉ ጠባብ ከሆነ ወይም አከራይ ጭቃ አልፈልግም ካለ ፎሙ ይሻላል። ከሰል የሚቀጣጠልበት ማድ ቤት ግን ለጭቃ ብቻ ነው።