አሮጌ ቮልስዋገን ዘይት ሲያፈስ፤ በጅማ አጂፕ ሰፈር ያገኘሁት ጋራዥ

«አሮጌ መኪና ዘይት ማፍሰሱ አይቀርም» የሚሉ መካኒኮች ያበሳጩኛል። ከአባቴ የወረስኩት ቮልስዋገን እ.ኤ.አ. የ1967 ሥሪት ነው፤ ሞተሩ ባለ 1300። የሚይዘው ዘይት ሁለት ሊትር ተኩል ብቻ ሲሆን፣ ውኃ ስለሌለው የሚቀዘቅዘው በአየርና በዚያው ዘይት ነው። ስለዚህ ከሥሩ የሚንጠባጠበው ዘይት ግቢ ከማቆሸሽ አልፎ የሞተሩን ዕድሜ ይቆርጣል። ይህን የሚያውቁ ባለሙያዎች ጅማ ውስጥ አሉ።

ጋራዡ አጂፕ ሰፈር፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ በቆርቆሮ አጥር ውስጥ ነው። ቁልፍ ከማንሳታቸው በፊት ሞተሩን አጠቡት። ቀደም ሲል ያየው ሌላ ጋራዥ ብሎኖቹን አጥብቆ፣ በየመጋጠሚያው ሲሊኮን ለቅልቆ ነበር የመለሰልኝ። ሲሊኮን ደግሞ ሲላላጥ ዘይት ውስጥ ገብቶ ወንፊቱን ይደፍናል። እዚህ ግን የደረቀውን ቆሻሻ በናፍጣና በብሩሽ አጽድተው፣ ሞተሩን አሙቀው፣ አዲሱ ወዝ ከየት እንደሚጀምር በባትሪ ፈለጉ። የማራገቢያው ነፋስ ዘይቱን ስለሚበትነው፣ ሳያጥቡ መፈለግ ከንቱ ድካም ነው።

ሞተሩና ካምቢዮው የሚገናኙበት ቦታ ላይ ጠብታ ተገኘ። ዋናው መካኒክ በጣቱ ነክቶ አሸተተው። «ጋሼ፣ የካምቢዮ ዘይት ቢሆን እንደ ድኝ ይሸት ነበር፤ ይህ የሞተር ነው» አለኝ። በዚህ አንድ ማሽተት ካምቢዮውን ያለምክንያት ከማስፈታት አዳነኝ።

ሞተሩ ከካምቢዮው ጋር የተያያዘው በአራት ብሎን ስለሆነ ቶሎ ወረደ። ፍሪሲዮኑና ቮላኖው (ከሞተሩ ጋር የሚሽከረከረው ከባድ ክብ ብረት) ሲነሱ ከጀርባቸው ያለው ሲል፣ ማለትም ዘይት እንዳይወጣ የሚያግደው ቀለበት፣ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ብዙዎች እዚህ ላይ አዲስ ሲል መትተው ይዘጋሉ። እሱ ግን መጀመሪያ ኮሎው (ፒስተኖቹ የሚያዞሩት የሞተሩ ዋና ዘንግ) ወደ ፊትና ወደ ኋላ ምን ያህል እንደሚንሸራተት ለካ። ልኩ ከ0.07 እስከ 0.13 ሚሊ ሜትር ነው፤ የሚስተካከለውም ከቮላኖው ጀርባ ባሉ ሦስት ስስ ቀለበቶች ውፍረት ነው። ኮሎው ከልክ በላይ ከተንሸራተተ አዲሱም ሲል ብዙ አይቆይም። የእኔው አልፎ ስለነበር ቀለበቶቹን ቀየረ፤ ከዚያም እንደገና ለካ። የእጅ ሥራ ዋጋ የምከፍለው ለዚህ ዓይነቱ ትዕግሥት ነው።

ከሲሊንደሮቹ በታች ያሉት፣ የቫልቭ መግፊያ ዘንጎች የሚያልፉባቸው ስምንቱ ቱቦዎችም በሁለቱም ጫፋቸው ያልቡ ነበር። ቴስታታ (ሲሊንደሮቹን ከላይ የሚከድነው ክፍል) ሳይፈታ የሚገቡ፣ እየተሳቡ የሚረዝሙ ቱቦዎች እንዳሉ ነግሮኝ ምርጫውን ለእኔ ተወ። የሱ ምክር ቴስታታው ይውረድ የሚል ነበር፤ ተስማማሁ። የድሮዎቹን ቱቦዎች አጽድቶ ርዝመታቸው 190 ሚሊ ሜትር ያህል እስኪደርስ ሳባቸው፤ ቴስታታው ሲታሰር ሲሎቹን አጥብቀው የሚጫኑት እንዲህ ሲሆን ነው። የቫልቭ ክዳኖቹ የቡሽ ጋስኬትም ተቀየረ። የዘይት ወንፊቱን ክዳን የሚይዙትን ትንንሽ ዳዶዎች ረዳቱ በረጅም ቁልፍ ሊያጠብቅ ሲል ከእጁ ወሰደበት። የሞተሩ አካል ማግኒዚየም ስለሆነ ጥርሱ በቀላሉ ይበላል።

ቅሬታም አለኝ። ሲሎቹ አዲስ አበባ ከሶማሌ ተራ እስኪመጡ ሥራው ቆመ፤ መዘግየቱን ግን ደውሎ የነገረኝ አልነበረም። ግቢው በከፊል ብቻ ጣሪያ አለው፤ የጅማ ዝናብ ሲመጣ ሥራ ይቋረጣል። የተከፈተው ሞተር ግን ክፍል ውስጥ ተሸፍኖ እንደነበር በዓይኔ አይቻለሁ። ዋጋ አስቀድመን ተነጋግረን ነበር፤ አልጨመሩብኝም። የተቀየረውን አሮጌ ዕቃ ሁሉ በካርቶን አድርገው አስረከቡኝ።

መኪናውን ይዤ ጅሬን፣ እስከ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ድረስ ዳገቱን ወጣሁ። ድሮ በዚያ ዳገት ዘይት የነካው ፍሪሲዮን ይንሸራተት ነበር፤ አሁን አጥብቆ ያዘ። ስመለስ ሥሩ ያነጠፍኩት ካርቶን አድሮም ደረቅ ነበር። የሞተሩ ሁለት ግማሾች የሚጋጠሙበት መስመር ላይ ብቻ ቀጭን ወዝ ይታያል። ያ መጋጠሚያ ሲሠራም ጋስኬት የለውም፤ ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ካልተፈታ አይነካም፤ ለዚያ ብቻ እንዳላስፈታውም መከሩኝ። ትክክል ናቸው።

ከአጋሮም ሆነ ከሌላ ቦታ የምትመጡ የቮልስዋገን ባለቤቶች፣ ሲልና ጋስኬቱን አስቀድማችሁ አስመጡ፤ ክረምት ሳይገባ ውሰዱት፤ ኮሎው ይለካ ብላችሁም ጠይቁ።