«ካርድ አትግዛ» ላለኝ ባለሙያ

ሊሸጥልኝ የሚችለውን የኮምፒውተር ግራፊክስ ካርድ «አያስፈልግህም» ብሎ የመለሰኝ ሰው ሲገጥመኝ ይሄ የመጀመሪያዬ ነው። ስለዚህ ምስጋናዬም በአደባባይ ይሁን።

ዎርክስቴሽኔ (ለከባድ ሥራ የሚሆን ኮምፒውተሬ) ለስሪዲ ሥራ የተገዛ ነው። ግራፊክስ ካርዱ ጉልበተኛ ነው፣ ሲስተሙ ደግሞ ሊኑክስ። ኤሌክትሮኒክስ ስጀምር የሰርኪዩት ዲዛይንና ሲሙሌሽን (ሰርኪዩቱን ከመሥራት በፊት በኮምፒውተር መሞከሪያ) ሶፍትዌር ፍለጋ ገባሁ። መጀመሪያ ያማከርኩት ሻጭ «ሲሙሌሽኑ የሚንቀራፈፈው ካርድህ አልበቃ ብሎት ነው» ብሎ ውድ ፕሮግራምና አዲስ ካርድ አንድ ላይ ሊያሸክመኝ ነበር። እኔም አምኜው ነበር እኮ!

የማመሰግነው ይሄ ባለሙያ ልጅ ግን ስለ ኮምፒውተሩ እንኳን አልጠየቀኝም። «የምትሠራው ምን ዓይነት ሰርኪዩት ነው? ፋይሉን ላክልኝ» አለኝ። በ100 ኪሎኸርትዝ እየበራ እየጠፋ ኃይል የሚመጥን ስዊቺንግ ፓወር ሰፕላይ ነበር። በርቀት ገብቶ እያየሁት አስኬደው፤ ጎን ለጎን የኮምፒውተሩን ጭነት የሚያሳየውን መስኮት ከፈተ። ፕሮሰሰሩ ላብ በላብ ሆኗል፣ ያ የምኮራበት ካርድ ተኝቷል። የሲሙሌሽን ፕሮግራሞቹ ኤንጂስፓይስም ሆነ ኤልቲስፓይስ መሠረታቸው እ.ኤ.አ. በ1973 ከበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ የወጣው ስፓይስ ነው፤ የሰርኪዩቱን እኩልታዎች በየቅንጣቷ ጊዜ ደጋግመው ይፈታሉ፣ ያ ደግሞ በአብዛኛው የፕሮሰሰር ሥራ ነው። ካርድ ብደራርብበት ምንም አይፈይድልኝም ነበር።

ጥፋቱስ? የራሴው ነበር። ለጥንቃቄ ብዬ ትልቁን የጊዜ እርምጃ (ከአንዱ ስሌት እስከ ቀጣዩ ያለውን ጊዜ) በ1 ናኖሰከንድ ገድቤዋለሁ። 20 ሚሊሰከንድ ለማየት ቢያንስ 20 ሚሊዮን ነጥብ አስላ ማለቴ ነው፤ በዚያ ላይ የሁሉም መስመር ውጤት እንዲቀመጥ አዝዣለሁ። እሱ ወደ 50 ናኖሰከንድ ከፍ አደረገውና ዝቅተኛው የነጥብ ብዛት ወደ 400 ሺህ ወረደ። «በአንድ ዑደት 200 ነጥብ ይበቃሃል» አለኝ። ላምነው ስላልፈለግኩ አዲሱን ሞገድ ከድሮው ላይ ደርቦ አሳየኝ። በዓይኔ መለየት አልቻልኩም።

ሶፍትዌሩን በተመለከተ ኪካድን መረጠልኝ። ነፃ ነው፣ ሊኑክስ ላይ ይሠራል፣ ኤንጂስፓይስ ውስጡ ስላለ ሥዕሉን ስሎ ሲሙሌሽኑን ሞክሮ ቦርዱን እስከ መንደፍ እዚያው ነው። ኤልቲስፓይስም በነፃ ይገኛል፣ ግን የተሠራው ለዊንዶውስና ለማክ ነው፤ ሊኑክስ ላይ የዊንዶውስ ፕሮግራሞችን በሚያስኬደው በዋይን በኩል ነው የሚሄደው። ቢሆንም አታጥፋው አለኝ፣ አብረውት የሚመጡ የአንዳንድ ቺፖች ሞዴሎች የተቆለፉ ስለሆኑ ሌላ ሲሙሌተር አያነባቸውም።

ካርዴም ሥራ አልፈታም። ኪካድ ካርዱን በማይጠቀመው የሥዕል አማራጭ ላይ ተቀምጦ ኖሯል፤ ወደ ፈጣኑ ሲቀይርልኝ የቦርዱን ሥዕል እንደልቤ ማንቀሳቀስና ማጉላት ጀመርኩ። (እውነቱን ለመናገር ያን ቀን ከመሥራት ይልቅ ሥዕሉን ሳንቀሳቅስ ነው የዋልኩት።)

የተቀበለኝ የሠራበትን ሰዓት ክፍያ ብቻ ነው። እንከን ካላችሁኝ ስልክ ቶሎ አያነሳም፣ ሲያስረዳም ይፈጥናል፤ ሁለት ሦስቴ «ቆይ ወንድሜ፣ ድገምልኝ» ብዬዋለሁ። ሳይሰለች ደግሞልኛል።

አድራሻውን ለመስጠት አስፈቅጄዋለሁ፣ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ስታገኙት የሰርኪዩቱን ፋይል አብራችሁ ላኩለት፣ ያለዚያ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እሱኑ ነው።