ሁለት መስመር ለአንድ ኮፒ ቤት፦ ማይክሮቲክ ሄክስን እንዴት አገኘኋት

ኮፒ ቤቴ ባሕር ዳር፣ ዩኒቨርሲቲ አጠገብ ነው። አራት ኮምፒውተርና ሁለት ፕሪንተር አለኝ። ባለፈው የዲቪ ሰሞን አንዲት ልጅ ፎርሟን ሞልታ ልትልክ ስትል የኢንተርኔቱ መስመር ሄደ። «እትዬ፣ ተልኳል ወይስ አልተላከም?» አለችኝ። ምን ልበላት? ሲም የሚገባበት ሁለተኛ ሞደም እዚያው ጥግ ላይ በርቶ ተቀምጧል። ወደ እሱ ለመዞር ግን ኬብል መንቀል፣ ኬብል መሰካት ነው። ያን ቀን በጣም አዘንኩ።

ሄክስ የምትባለውን ራውተር፣ ማለትም መስመሩን ለኮምፒውተሮቹ የምታከፋፍል ዕቃ፣ የገዛሁት ከዚያ በኋላ ነው። ማይክሮቲክ የላትቪያ ካምፓኒ ነው። ዕቃዋ መዳፍ የምታህል ነጭ ሳጥን ናት፤ አምስት የኬብል ፖርት አላት። ዋይፋይ የላትም፣ ይህን ሳታውቁ እንዳትገዙ።

ስትገዛ አድራሻዋ 192.168.88.1 ነው። ዊንቦክስ በሚባለው ፕሮግራም ነው የምትከፈተው። አይፒዋን፣ ማለትም ይህን የቁጥር አድራሻ፣ ብታበላሹ እንኳ ዊንቦክስ ከፋብሪካ ይዛው በመጣችው ማክ አድራሻዋ ያገኛታል። ይህ እኔን ሁለት ጊዜ አድኖኛል።

የመጀመሪያው ችግር ከሞደሞቹ መጣ። ሁለቱም 192.168.1.1 ናቸው። በአንድ ቀበሌ ሁለት ቤት አንድ የቤት ቁጥር ይዘው እንደማለት ነው፤ ሄክስ የቱ ጋ እንደምትልክ አታውቅም። የሲሙን ሞደም 192.168.2.1 አደረግሁት። ፖርት 2ን ከብሪጁ፣ ማለትም ፖርቶቹን እንደ አንድ ከሚያገናኘው ቡድን፣ አወጣሁና ለሁለተኛው መስመር ሰጠሁት። ለፖርት 1 አድራሻ 192.168.1.2፣ ለፖርት 2 ደግሞ 192.168.2.2 በእጄ ጻፍኩ።

ቀጥሎ ራውቲንግ፣ ማለትም የትኛው መንገድ እንደሚወሰድ መወሰን። ወደ ውጭ የሚወስድ ሁለት መንገድ ጻፍኩ፤ የዋናው ርቀት 1፣ የተጠባባቂው 2። ትንሽ ቁጥር ያለው ይቀድማል። ጌትዌዩን፣ ማለትም የመውጫውን በር፣ በፒንግ («አለህ ወይ?» በሚል አጭር ጥያቄ) እንድትፈትሽም አዘዝኳት። በየ10 ሰከንዱ ትጠይቃለች፤ ሁለት ጊዜ መልስ ካጣች መንገዱን ትዘጋለች። ዋናውን ኬብል ነቅዬ ሞከርኩ፣ ወዲያው ዞረች። ደስ አለኝ።

በማግስቱ መስመሩ ሲጠፋ ግን አልዞረችም! ምክንያቱን ለማግኘት ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። ሄክስ ፒንግ የምታደርገው ሞደሙን ነው። ሞደሙ ደግሞ ደህና ነው፣ መብራቱ በርቷል፣ ይመልሳል። የሞተው ከእሱ ወዲያ ያለው መስመር ነው። ስለዚህ ሩቅ ያለውን የጉግል ሰርቨር 8.8.8.8 እንድትጠይቅ፣ ወደዚያ የሚወስደውም ዋናው መስመር ብቻ እንዲሆን አደረግሁ። እሱ ዝም ሲል መስመሩ ሞቷል ማለት ነው። አንድ ጥንቃቄ አለው፦ 8.8.8.8ን ለዲኤንኤስ፣ ማለትም የድረ ገጽ ስምን ወደ ቁጥር አድራሻ ለመቀየር፣ አትጠቀሙበት። ዋናው ሲጠፋ እሱም አብሮ ይጠፋል፤ ተጠባባቂው እየሠራ ገጽ አይከፈትም። እኔ በእሱ ፈንታ የክላውድፍሌር ካምፓኒን 1.1.1.1 አስገባሁ።

ስትዞር የተጀመረ ዳውንሎድ ይቋረጣል። ገጹንም እንደገና መክፈት ሊያስፈልግ ይችላል። ቢሆንም ግማሽ ደቂቃ መጠበቅና ደንበኛን ነገ ነይ ብሎ መመለስ አንድ አይደለም።

ከሁሉ የወደድኩት ኃይሏን ነው። የእኔዋ ሞዴል ከ8 እስከ 30 ቮልት ትቀበላለች። መብራት ሲጠፋ በ12 ቮልት ባትሪ ትሠራለች፣ ኢንቨርተር አያስፈልጋትም።

ዊንቦክስ ለጀማሪ ከባድ ነው፤ ማውጫው ብዙ ነው፣ ሁሉም በእንግሊዝኛ ነው። አንድ መስመር ብቻ ያለው ቤት ይህን ሁሉ ባይደክም ይሻለዋል። ሁለት መስመር ይዞ ከሰው ጋር ለሚሠራ ግን ያለማቅማማት ግዛ እላለሁ። ስትጀምሩ መጀመሪያ ሴፍ ሞድ የሚለውን ተጫኑ። ተሳስታችሁ ራሳችሁን ብትቆልፉ የቀየራችሁትን ወደነበረበት ይመልሰዋል።